በመፀው የሚፈካ አበባ፦ የፈረስ ዘንግ ለኢተያ ግቢዎች

ኢተያ ላይ የአትክልተኛ ብቃት በነሐሴ አይታወቅም። በነሐሴ ማንም የተከለው ይለመልማል። የሚታወቀው ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ስንዴው መንጣት ይጀምራል፣ ብዙም ሳይቆይ ኮምባይነሮች ከአዳማ አሰላ በሚወስደው አስፋልት ላይ መመላለስ ይጀምራሉ። በትምህርት ቤቱ፣ በጤና ጣቢያው፣ በሆቴሉ ደጃፍ በክረምት ያማረው አበባ ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ጄሪካን ተሸክሞ መሮጥ ነው። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በደመወዝም ሆነ በራሳቸው ፈቃድ ግቢ የሚንከባከቡ ሰዎችን፣ እንዲሁም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችን ነው። የምመክረው አንድ ተክል ብቻ ነው። በክረምት ውኃ አድጎ ዝናቡ ሲያቆም የሚያብብ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚኖር፣ አገር በቀል የሆነና ብዙዎቻችን እንደ አረም የምናየው የፈረስ ዘንግ። ራስ ክምር የሚሉትም አሉ፤ በኦሮምኛ ቦኮሉ ይባላል። የሳይንስ ስሙ ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ ነው።

ስም ብቻ ይዞ ተክል መፈለግ ያሳስታል፤ መልኩን ለይታችሁ እወቁት። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ በጣት ሲዳሰስ ጠርዙ ይታወቃል። የዳማከሴና የበሶብላ ቤተሰብ በመሆኑ ቅጠሉ ሲታሽ ይሸታል፣ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ። አበባው ብርቱካናማና ጠጉራማ ነው። ግንዱን ዙሪያውን ከብቦ እንደ ኳስ ይሰበሰባል፤ ከአንዱ ኳስ በላይ ጥቂት ክፍተት ትቶ ሌላ ኳስ ይሠራል፤ ከዚያም ሌላ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚፈካ የታችኛው ሲረግፍ የላይኛው ገና ይከፈታል። አንድ ግንድ ለብዙ ሳምንታት አበባ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ቁመቱ ከሰው ወገብ ጀምሮ ከሰው በላይ ሊደርስ ይችላል። በየመንገዱ ዳር፣ በድንጋይ ካብ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ታገኙታላችሁ። ከብት እምብዛም ስለማይወደው ብዙ በተጋጠ መሬት ላይ ሳይቀር ቆሞ ይታያል።

ከእሱ ጋር የሚምታታ አንድ ዘመድ አለው። ወደ ቆላው ሲወርዱ የሚገኘው፣ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ በረጅም ዘንግ ላይ የሚቆመው፣ ኳሱም ትልቅና በጣም እሾሃማ የሆነው ዝርያ በአንድ ዓመት ጨርሶ የሚሞት ነው። ዘሩን ከዚያ ከወሰዳችሁ በሁለተኛው ዓመት ባዶ መደብ ትታቀፋላችሁ፤ ዘሩ የረገፈበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አረም ይሆንባችኋል። ለመለየት ጥሩው መንገድ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ሄዶ ማየት ነው። ካለፈው ዓመት እንጨታማ ጉቶ ላይ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣው የምትፈልጉት ነው። እሱን ምልክት አድርጉበትና በታኅሣሥ ለዘሩ ተመለሱ።

አደይ አበባ እያለች ለምን ይህ? የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አደይን የሚጠላ ሰው አይገኝም። ነገር ግን አደይ በአብዛኛው የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ መስከረምን አድምቃ ጥቅምት ሲያልቅ ትደርቃለች፣ በሚቀጥለው ዓመትም የምትመለሰው ከዘሯ ነው። የፈረስ ዘንግ ደመቅ የሚለው እሷ ስትሰናበት ነው፤ ሥሩም እዚያው ይቆያል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል። የፈረስ ዘንጉን ከኋላ ተክላችሁ የአደይ ዘር ከፊቱ ብትበትኑ ከአዲስ ዓመት እስከ ኅዳር፣ መሬቱ እርጥበት የሚይዝ ከሆነም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ግቢው አበባ አያጣም። ለጠርዙ ጦስኝ ተጠቀሙ፤ እሱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ ደጋ የሚወድና ጥማት የሚችል ተክል ነው።

ነገሩ በሌላ አገርም ታውቋል። የዚሁ ተክል የደቡብ አፍሪካ ዘመድ ካሊፎርኒያ ድረስ ተወስዶ፣ ዝናብ በሚያጥራቸው ከተሞች በመፀው የሚያብብ ድርቅ ቻይ ጌጥ ተብሎ በአበባ መሸጫ በገንዘብ ይሸጣል። እኛ የራሳችንን ነቅለን እየጣልን ዱራንታ እንገዛለን።

አሁን ወደ ሥራው። ዘሩን የምትሰበስቡት ኳሱ ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ነው፤ በእኛ አካባቢ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር። የደረቀው ኳስ ስለሚወጋ እጃችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። ግንዱን ቆርጣችሁ ኬሻ ወይም የወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ዘቅዝቁትና አራግፉት። ከእያንዳንዱ አበባ ቢበዛ አራት ጥቃቅን ዘር ይወጣል፤ አንድ ጥሩ ግንድ ለአንድ መደብ ይበቃል። በፕላስቲክ ውስጥ አትዝጉት፣ ይሻግታል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ጭስም እርጥበትም ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ዓመት ሳይሞላውም ዝሩት።

የመዝሪያ ጊዜው የካቲትና መጋቢት ነው። አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰለ ብስባሽ ተመጣጥነው ይቀላቀሉ። ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ጥልቅ አትቅበሩት፤ የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ የተነፋ አፈር ከላይ መነስነስ ይበቃል። የሣር ጥላ አድርጉለት፣ በቀዳዳ ማጠጫ በቀስታ አርጥቡት። እዚህ ላይ የብዙ ችግኝ ጣቢያ ጉድለት ውኃ ማብዛት ነው። ገና የበቀለው ችግኝ ከአንገቱ ቀጥኖ ወደ ጎን ሲወድቅ ስታዩ የጠማው እንዳይመስላችሁ፤ እርጥበት በዝቶ በስብሶ ነው። ጠዋት አንዴ አጠጡ፣ ከሰዓት በኋላ የአፈሩን ፊት በጣት ነክታችሁ ካልደረቀ ተዉት። አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፖሊቲን ቱቦ አዛውሩት። ግንቦት ላይ ጥላውን ቀስ በቀስ እያነሳችሁ ፀሐይ አስለምዱት።

ዘር መጠበቅ የማይፈልግ በቁራጭ ማባዛት ይችላል። በበልግ አበባ ያልያዘ ለጋ ቅርንጫፍ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ከጉጥ ሥር በስለታም ቢላዋ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል ገፍፋችሁ ሁለቱ ጉጦች ከአፈር በታች እንዲሆኑ አሸዋ በበዛበት ቱቦ ውስጥ ትከሉት። ጥላ ሥር ይሁን። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ሥር ሰድዷል ማለት ነው። የቁራጭ ጥቅሙ ልጁ እናቱን መምሰሉ ነው፤ አበባው ደማቅ የሆነውን፣ ቁመቱ የልካችሁን መርጣችሁ ማብዛት ትችላላችሁ። ከዘር የመጣ ግን መልኩ ይለያያል። ለሆቴል ደጃፍ በሰልፍ ለሚተከል ቁራጭ፣ ለአጥር ዳርና ለሰፊ ግቢ ዘር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን አይሁን። ያደገ የፈረስ ዘንግ ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ሲነቀል ይቆረጣል፣ ብዙ ጊዜም አይጸድቅም። ከጭላሎ ግርጌ አንዱን ቁጥቋጦ ነቅሎ ከመግደል ከሱ አንድ እፍኝ ዘር መውሰድ ይበጃል።

የሚተከልበት ቦታ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙው ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ይህ ተክል ደረቅ ወራትን ይችላል። የማይችለው ክረምት ሙሉ እግሩ ውኃ ውስጥ መቆምን ነው። በአካባቢያችን ዋልካ አፈር ያለበት ግቢ ብዙ ነው፤ በሐምሌ ጫማ የሚያስቀር፣ በጥር የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር። በዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡን በጥሩ አፈር መሙላት ትክክለኛ ሥራ ይመስላል፤ በተግባር ግን የጎርፍ ገንዳ መሥራት ነው። በዙሪያው ያለው ጭቃ ውኃ አያሳልፍምና የዝናቡ ውኃ ሁሉ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሥሩም ታፍኖ ይበሰብሳል። በዋልካ ላይ የሚሠራው ተቃራኒው ነው። መሬቱን በጥቂቱ ኮትኩታችሁ ጠጠርና አሸዋ ያለበት አፈር ከላይ ቆልሉ፣ ጉልበት የማይደርስ ጉብታ ሥሩ፣ ችግኙን ጉብታው አናት ላይ ትከሉ፣ ውኃው የሚሄድበት ቦይ በጎን አውጡ። ቀይ ወይም ቡናማ፣ ውኃ የሚያሰርግ አፈር ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ እንደ ማንኛውም ችግኝ ይትከል።

ፀሐይ ሙሉ ቀን ወይም ቢያንስ እኩሌታውን ማግኘት አለበት። በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር የተተከለ የፈረስ ዘንግ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ይወድቃል፣ ክሽክሽም ይይዘዋል። በሁለት ተክሎች መካከል አንድ ሜትር ያህል ተዉ። ችግኙ ትንሽ ስለሆነ ሰው ይህን ክፍተት አይቶ ይሳሳለትና ያጠጋጋል፤ በሁለተኛው ዓመት ግን እርስ በርስ ይሻማሉ። ክፍተቱን ለመጀመሪያው ዓመት አደይ ይሙላው።

ተከላው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይጠናቀቅ። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት፣ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሜዳ በዓመት ከ800 ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ዝናብ ያገኛል፤ ኢተያም የዚያው ቀበቶ ናት። ውኃው አያንስም፤ ጭንቁ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጠቅልሎ መውረዱ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ለማጥለቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል እርጥብ አፈር ያገኛል። በነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ገና ከቱቦው አፈር ሳይወጣ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። የችግኝ ተከላ ዘመቻ ከዘገየባችሁ ቀሪውን በቱቦው አቆይታችሁ ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ ይሻላል።

ማዳበሪያን በተመለከተ አርሲ ላይ የተለየ ፈተና አለ። ስንዴ በሚዘራበት አገር ከየቤቱ ጥግ የተረፈ ዩሪያ አይጠፋም፤ እጅም ይላመዳል። በፈረስ ዘንግ ላይ እንዳትሞክሩት። ዩሪያ ያገኘ የፈረስ ዘንግ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይረዝማል፣ ነፋስ ሲመጣ ይጋደማል፣ አበባው ግን ይቀንሳል። በተከላ ጊዜ አንድ አካፋ የበሰለ ፍግ ለዕድሜው ሙሉ ይበቃዋል ማለት ይቻላል። በ1967 እ.ኤ.አ. የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ካዱ፣ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዚህ አገር ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንዲጠቀም ብዙ ተመክሯል፤ ለስንዴው ጠቅሟል። ጭንጫ ላይ ለመኖር ለተፈጠረ አበባ ግን ያ ምክር አይሠራም።

ሁለተኛው የስንዴ አገር አደጋ ቱፎርዲ ነው። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊ አረምን መርጦ ይገድላል፤ የፈረስ ዘንግም ቅጠለ ሰፊ ነው። ግቢው ከማሳ ጋር የሚዋሰን ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ነፋስ ይዞት የሚመጣው ጉም ያህል እንኳ ቀንበጡን ያጣምመዋል፣ ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ችግኙን ከማሳው በተቃራኒ በኩል ትከሉ፤ ጎረቤታችሁንም ነፋስ በሌለበት ማለዳ እንዲረጭ በትሕትና ለምኑት። ከሁሉ በላይ ግን ቱፎርዲ የተረጨበትን የጀርባ መርጫ ለአበባ አትዋሱ። አጠብነው ቢሏችሁም ከቱቦውና ከአፈ ሙዙ የሚቀረው ትራፊ አንድ መደብ ችግኝ ለማጥፋት ይበቃል። የአበባ መርጫ ለብቻው ይሁን፤ ቀለም ቀብታችሁ ምልክት አድርጉበት።

ውኃ የማጠጣቱ ሥራ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። መስከረም ሲያልቅ አፈሩ ገና እርጥብ እያለ በሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሣር ወይም የታጨደ አረም አልብሱ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጄሪካን ለሦስት ወይም ለአራት ችግኝ አካፍሉ፤ በቀስታ፣ ወደ ታች እስኪሰርግ። በየቀኑ በኩባያ መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ሥሩ ላይ ላዩን የቀረ ተክል ድርቅ አይችልም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በመደበኛ ዓመት ውኃ አያስፈልገውም። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ የተነሳ እንደሆነው በልጉም ክረምቱም ሲዛባ ግን በወር አንዴ ማጠጣት አይከፋም።

በየካቲት የታችኛው ቅጠል ሲረግፍና ግንዱ ሲነጣ ሞተ ብሎ የሚነቅል ሰው አለ። ተክሉ ውኃ እየቆጠበ ነው። መሞቱን ለማወቅ ከታች አካባቢ ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጉ፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው።

መግረዝ ግዴታ ነው፤ ካልተገረዘ በሦስተኛው ዓመት ከታች ራቁቱን የቀረ የእንጨት ክምር ይሆናል። ጊዜው ወሳኝ ነው። አበባው እንዳለቀ በታኅሣሥ መቁረጥ ለዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ከኢተያ ወደ አሰላ ሲወጡ ግን ያ የውርጭ ወቅት ነው፤ አሮጌው ግንድና ቅጠል ለጉቶው ልብሱ ነው። ውርጩ እስኪያልፍ፣ እስከ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መጀመሪያ ታገሱ። ከዚያ ሳትራሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ መቁረጫው ስለታም ይሁን። የበልጉ ጠብታ ሲያርፍበት ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል፤ አበባው የሚመጣውም በዚያው ዓመት ቀንበጥ ላይ ነው። ግቢያችሁ ነፋስ የሚበዛበት ሜዳ ላይ ከሆነ በሰኔ የቀንበጡን ጫፍ በጣት ቀንጥቡ፤ ቁመቱ አጥሮ ቅርንጫፉ ይበዛል፣ ደጋፊ እንጨትም አይፈልግም። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ግን አትቀንጥቡ፣ አበባውን ትቀንሳላችሁ።

ሲያብብ እንግዳ ይመጣል። ቀጭንና ጎበጥ ያለ ምንቃር ያላቸው፣ ወንዶቹ እንደ ብረት የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ወፎች የአበባውን ማር ሊቀስሙ ይመላለሳሉ። የአበባው ቱቦ ረጅም የሆነው ለእነሱ ምንቃር ነው፤ ማሩን ሲቀስሙ የላይኛው ከንፈር ግንባራቸውን በብናኝ ይቀባቸዋል። ንቦችም ይጎበኙታል፤ ቀፎ ያለው ሰው ግን ማሩ ጥልቅ ውስጥ በመሆኑ ይህን እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና ቀለብ አይቁጠረው፤ ዋናው ቀለብ የመስከረምና የጥቅምቱ አደይና መጭ ነው። ሆቴል ያላችሁ ሰዎች፣ በረንዳችሁ ፊት ለፊት ብትተክሉት ቡና የሚጠጣ እንግዳችሁ ወፎቹን እያየ አንድ ሲኒ ይጨምራል።

ለሕመም የሚጠቀሙበት እንዳሉ ይታወቃል። እኔ የምናገረው ስለ አበባው ነው፤ መጠኑን ሳያውቁ ቀቅሎ መጠጣትን አልመክርም። ልጆች በሚሯሯጡበት ቦታም የደረቀው ኳስ እግር ስለሚወጋ ከመጫወቻው ራቅ አድርጉት።

የሚቀረው ችግኙ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየወረዳው የችግኝ ጣቢያዎች ሥራ በዝቷል፤ አብዛኛው መደብ ግን የዛፍና የፍራፍሬ ነው፤ ለጌጥ ተብሎ የሚፈላውም ብዙው ከውጭ የመጣና ውኃ የሚጠጣ ነው። የሂጦሳ ወረዳ የችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎችና ሠራተኞች ይህን ካነበባችሁ ልመናዬ አንድ ነው። ዘሩ ከአጥራችሁ ጥግ በነጻ ይገኛል፤ ለመጪው የካቲት አንድ መደብ ለፈረስ ዘንግ ተዉለት። በሐምሌ ለትምህርት ቤቶችና ለጤና ጣቢያዎች ከምትሰጡት ችግኝ መካከል ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ጨምሩና በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሄዳችሁ ተመልከቱት።